ቅቤዋን ያላስቀመጠችው ሴት

የእናቷ ለቅሶ ያለ ፎቶ ነው ያለፈው። ዘርፈሽዋል ይህን ነገር አስራ ስድስት ዓመት በሆዷ ይዛ ኖራለች። ቄሱ ይቅር በይ ቢሏት አልሰማችም፣ ባሏ በቃ ተይው ቢላት አልተወችውም፣ እሷም ልተወው ብላ አስባ አታውቅም።

በእነሱ አገር፣ ከጉብሬ ወዲያ ባለው ቀዬ፣ ሰው ሲሞት ፎቶው ይወጣል። ለመታወቂያ የተነሳት ጉርድ እንኳ ብትሆን ወደ ከተማ ትወሰድና ታድጋ፣ ፍሬም ገብታ ትመጣለች። የቅርብ ዘመድ ከፍ አድርጎ ይይዛትና በለቀስተኛው መሀል ይዞራል። ከሩቅ የመጣ ሰው ፊቱን አይቶ ነው እንባው የሚመጣለት። ፎቶ የሌለው ለቅሶ ሰው ቢሞላውም ይቀዘቅዛል፤ ለቀስተኛው ዞር ዞር እያለ የታለች ይላል። የእናቷ የተናኘወርቅ ለቅሶ እንደዚያ ነበር። ነጠላዋን ይዘው አለቀሱላት። ነጠላ ደግሞ የማንም ነጠላ ይመስላል።

ድሮውንም ፎቶ የሌላት ሴት ብትሆን ኖሮ ዘርፈሽዋል በተጽናናች። ነበራት እንጂ።

በደርጉ ዘመን አንድ የገበያ ቀን ተናኘወርቅ ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ወልቂጤ ወጣች። ዱባለ የሚባለው ፎቶ አንሺ ከፎቶ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ነበርና መልኳን ወደደው፤ ነይ ግቢ እናት፣ ላንሳሽ አላት። መጀመሪያ እምቢ አለች፣ ኋላ ገባች። ቅቤሽን መሬት አስቀምጪው ሲላት ግን ሞቼ ነው አለች። ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ በማይታወቅበት ቤት ቅቤ መሬት አይቀመጥም። ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ ብትሞት። ቅቤዋን ታፋዋ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ዓይኗን ከካሜራው ነጥላ በሩ ላይ እንደተከለች ተነሳች። ዱባለ ያንን ፎቶ አሳድጎ ከመንገድ በሚታየው መስታወት ውስጥ ሰቀለው። ዘርፈሽዋል ሙሽራ ሆና ወደ ቡታጅራ ስትሄድ በዚያ አልፋ አይታዋለች፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየው ነበር። ለእናቷ ብትነግራት ተናኘወርቅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ "ሌባ የምጠብቅ መስዬ" ብላ ሳቀች።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ተናኘወርቅ ሞተች። ዘርፈሽዋል ከቡታጅራ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል። ከቀናት በኋላ ለሚደረገው ለትልቁ ለቅሶ እንኳ ፎቶዋ ይውጣ ብላ ወልቂጤ ወረደች። መስታወቱ ውስጥ ሙሽራና ሚዜ ተሰቅለዋል። ዱባለ ገና ጥቁር መልበሷን ሲያይ ነገሩ የገባው መሰላት፤ እሷ አፏን ሳትከፍት እሱ ራሱን ነቀነቀ። ወታደሩ ሲሸሽ ቤቴ ተዘረፈ፣ ነጌቲቩ ሁሉ ተቃጠለ አላት። እሺ፣ መስታወቱ ውስጥ የነበረውስ ብትለው፣ ፀሐይ በልቶት ጣልኩት አለ። ዘርፈሽዋል ግድግዳውን አየች፣ ጣራውን አየች። ጭስ የነካው ቦታ ፈለገች። አላገኘችም። ወጣች።

ፎቶ አንሺ የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው። ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ካሜራ መያዝና ፊልም ማጠብ ግን ቡታጅራ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እግር ስር ተቀምጣ ተማረች፤ ሽማግሌው ሲደክሙ ጨለማ ክፍላቸው ለእሷ ቀረ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ ከበርበሬ ተራው ፊት ለፊት። የማንንም ነጌቲቭ አትጥልም። ዲጂታል መጥቶ ሰው ሁሉ ፊልሙን ሲያቃጥል እሷ በወተት ጣሳ እየከተተች ከአልጋዋ ስር ደረደረችው፤ ባሏ እግሩን ሲያወርድ ጣሳ እየነካ በየሌሊቱ ይሳደባል። ሰው ሞቶ ቤተሰቡ ሲመጣ ግን ዘርፈሽዋል ጠፍቷል ብላ አታውቅም። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ዘርፌ ጋ የገባ መልክ አይጠፋም ይላል።

ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ሃኒ የምትባል ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች። ፀጉሯን በቀጭን በቀጭን ገምዳ፣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እየሳቀች ገባች። ዘርፈሽዋል ከሳቋ ጀምራ አልወደደቻትም፤ ውሃም ሰው የሚወስደው እያሳሳቀ ነው። ልጅቷ ወልቂጤ ላይ የፎቶ ፌስቲቫል እያዘጋጀን ነው አለች። ፎቶው አዳራሽ ውስጥ አይደለም፣ ውጭ ሜዳ ላይ ነው የሚሰቀለው፣ ገበያ የሚሄደውም የሚመለሰውም እንዲያየው።

ዘርፈሽዋል ጠየቀች፤ ንፋሱስ፣ ሌባውስ፣ ማን ነው የሚጠብቀው? ሃኒ ዘበኛ አለን አለች። ዘበኛውንስ ማን ይጠብቀዋል አለች ዘርፈሽዋል።

"ለምን እኔን ፈለግሽ?"

"እዚህ ከተማ ማንንም ብጠይቅ ወደ እርስዎ ነው የሚልከኝ፣ እትዬ ዘርፈሽዋል።"

"ማን ነው የላከሽ?"

"ሁሉም ሰው።"

"ሁሉም ሰው የሚባል ሰው አላውቅም።"

ሃኒ አሁንም ሳቀች። ነጌቲቮቹን ይስጡኝና አዲስ አበባ ወስጄ በትልቁ አሳትማቸዋለሁ ስትል ዘርፈሽዋል፣ ይኸው መጣ አለች በልቧ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ነጌቲቭ ከዚህ ቤት አይወጣም አለቻት፤ ፎቶም ቢሆን እኔው አሳድጌ፣ እኔው ተሸክሜ፣ እኔው ሰቅዬ፣ እኔው አወርደዋለሁ እንጂ ለማንም አልሰጥም። በጄ፣ ደህና ሁኚ ብላ ልትሸኛት ተነሳች። ልጅቷ ቦርሳዋን እያነሳች እግረ መንገዷን ወሬ ጣል አደረገች።

"ጋሼ ዱባለን ያውቋቸው ይሆናል፣ የወልቂጤውን። የክብር እንግዳችን ናቸው። የደርግ ጊዜ ነጌቲቮቻቸውን በካርቶን ሙሉ ሰጥተውናል።"

ዘርፈሽዋል በሩን እንደያዘች ቆመች።

"ያልተቃጠለ?"

"ምኑ?"

"ምንም። መቼ ነው ያልሽኝ በዓሉ?"

ያኔ ከቡታጅራ ወልቂጤ በተራራው በኩል የሚቆርጠው መንገድ ለመኪና አይመችም ነበርና በአዲስ አበባ ዞራ ነው የሄደችው። ፎቶዎቿን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታፋዋ ላይ ይዛ፣ እግሯ እስኪደነዝዝ። ለባሏ በዓል ለማየት ነው ብላዋለች። ባሏ አላመናትም፤ ከሰው እንዳትጣዪ ብሎ ሸኛት።

ስትደርስ ከመናኸሪያው በታች ባለው ሜዳ ላይ ድንኳኖች ተተክለዋል፣ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፣ ሃኒ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ዘርፈሽዋል የድንኳኑን ሸራ ጨበጥ አድርጋ አየችው። በቀይ ቀለም የእድር ስም ተጽፎበታል። ወንበሮቹም የእድር ናቸው።

"ይሄ እኮ የለቅሶ ድንኳን ነው" አለቻት።

"አዎ፣ ከእድሩ ተከራየነው። ሌላ አጣን።"

"ሰው ለቅሶ ይመስለዋል።"

"ፎቶዎቹን ሲያይ ይገባዋል እትዬ።"

"ፎቶዎቹን ሲያይ ነው እኮ የሚመስለው።"

ሃኒ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሳቀችና ወደ ስራዋ ሄደች።

ዱባለ ባርኔጣ አድርጎ፣ ከዘራ ይዞ በድንኳኑ መሀል ተቀምጧል። አርጅቷል። ዘርፈሽዋልን ሲያይ ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"አንቺ ልጅ፣ አለሽ?"

"አለሁ ጋሽ ዱባለ። እርስዎም አሉ። ነጌቲቩም አለ አሉ።"

"ጥቂት ተርፎ ኖሯል።"

"ከእሳቱ?"

"የምን እሳት? እሱን እንኳ ረስቼዋለሁ።"

"እኔ አልረሳሁልዎትም።"

ከኋላው ፎቶዎቹ ተደርድረዋል፤ የድሮ ወታደር፣ ብስክሌት የተደገፈ ጎረምሳ፣ ሽንጣም ሙሽራ። መሀል ላይ ያለው ከሁሉ ይበልጣል። ነጭ አቡጀዲ ተጋርዶበታል። ዘርፈሽዋል አቡጀዲውን አየችው፣ ዱባለንም አየችው። ዱባለ ወደ ገበያው አቅጣጫ ማየት ጀመረ።

የሷ ቦታ ከድንኳኑ ዳር ነው። የሰቀለቻቸው የቡታጅራ ሰዎች ናቸው፤ የሚበዙት ቆመው፣ የሚያንሱት ተቀምጠው። ከሁሉም የሚያምረው ከድሮ የሚባለው በርበሬ ነጋዴ ነው፣ ኮፍያውን አድርጎ ከበርበሬው ክምር ላይ እንደ ንጉሥ የተቀመጠው። ዘርፈሽዋል በርጩማ ለምና ከፎቶዎቿ ፊት ተቀመጠች፤ ምሳ ነይ ቢሏት ያመጣችውን ቆሎ አወጣች።

የፈራችው አልቀረም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወልደአማኑኤል የሚባሉ የጉብሬ ገበሬ በዚያ ሲያልፉ ድንኳኑን አዩ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። የከድሮን ፎቶ ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ከድሮ በርበሬውን ወልቂጤ ድረስ ስለሚያመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያለቅሱ ከውጭ ያሉት ሴቶች ተቀበሏቸው። ዘርፈሽዋል ተነስታ ክንዳቸውን ያዘች፤ አልሞተም፣ ፎቶው ለማየት ነው የተሰቀለው አለቻቸው።

"ለማየት?" አሉ ወልደአማኑኤል እንባቸውን ሳይጠርጉ። "በሕይወት ያለ ሰው ምኑ ይታያል፣ ሄዶ እሱኑ ማየት ነው እንጂ።" ከዚያ ትክ ብለው አዩዋት። "የተናኜ ልጅ አይደለሽም እንዴ አንቺ? እናትሽን ቀብሬያለሁ እኮ። ያቺ ምስኪን፣ ፎቶ እንኳ ሳይወጣላት።"

እሳቸውን ብታስቆም ወሬውን ማስቆም አልቻለችም። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ከድሮ ነው፣ ከቡታጅራ።

"ዘርፌ፣ ሞቻለሁ አሉ፤ ሰምተሻል?"

"ማን አለ?"

"ወልቂጤ ድንኳን ተጥሎልኛል፣ ፎቶዬም ወጥቷል አሉ። የሚስቴ ወንድሞች ሰው ሰብስበው ሊነሱ ሲሉ እኔው ነኝ ያስቆምኳቸው።"

"ቆመህ እያዩህ?"

"እያዩኝ። ወላሂ አላመኑም፤ እንግዲያው ወንድምህ ይሆናል የሞተው ብለው እሱን እያለቀሱ ነው።"

ላውርደው ወይ ብላ ጠየቀችው። ከድሮ ትንሽ አሰበ፤ መልኬ አምሮ እንደሆነ ይቆይ አላት።

ሃኒ ይህን ስትሰማ መሳቁን ተወች። በትልቅ ካርቶን ላይ "ኤግዚቢሽን ነው፤ ለቅሶ አይደለም" ብላ ጽፋ የድንኳኑ መግቢያ ላይ ለጠፈች። ማንበብ የሚችለው አንብቦ ገባ። የማይችለው ባርኔጣውን አውልቆ መግባቱን ቀጠለ።

ዘርፈሽዋል ግን ሐሳቧ ከአቡጀዲው ላይ አልተነሳም። ሃኒን ጠጋ ብላ፣ እስቲ ገለጥ አድርገሽ አሳዪኝ አለቻት። ልጅቷ አይቻልም አለች፤ ቅዳሜ ገበያው ሲደምቅ ነው የሚገለጠው፣ እስከዚያ ማንም እንዳያይ ብለው ጋሼ ዱባለ አደራ ብለውናል።

"ማንም ሲሉ እኔን ማለታቸው ነው።"

"እንዴ፣ ለምን እርስዎን?"

"የማን ፎቶ ነው?"

"የማትታወቅ ሴት ናት።"

"ማን ነው ያላወቃት?"

ሃኒ ግራ ገባት። ጋሼ ዱባለ ስሟን አላስታውስም ስላሉ ነው አለች። ዘርፈሽዋል ድምጿን ዝቅ አደረገች። ሴትዮዋ ምን ይዛለች?

"የተጠቀለለ ነገር" አለች ሃኒ አስባ። "መጀመሪያ ሕፃን መስሎኝ ነበር።"

ዘርፈሽዋል ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ገበያ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ያልያዘች ሴት የለችም ብላ ራሷን ገሠጸች። ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፤ ይሄን ለማንም ነግራ አታውቅም። የእናቷ ፊት ከጠፋባት ቆይቷል። ድምጿን ታስታውሳለች፣ አረማመዷን ታስታውሳለች፣ ፊቷን ልያዘው ስትል ግን እንደ ረጠበ ፊልም ይንሸራተትባታል። አቡጀዲው ተገልጦ እናቷ ብትሆንና እሷ ባታውቃትስ? ዱባለ ያኔ የማትታወቅ ሴት ማለቱ ትክክል ሊሆን ነው።

በርጩማዋን አንስታ ከአቡጀዲው ፊት ወስዳ ተቀመጠች።

ዱባለ ከወንበሩ ሆኖ ትንሽ ታገሰ። በኋላ አልቻለም። "ያንቺ ፎቶ በወዲያ ነው። እዚህ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ሌባ" አለችው።

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። ከጉብሬ፣ ከእምድብር፣ ከዚያም ወዲያ ሰው ወርዷል። ወልደአማኑኤልም መጥተው ነበር፤ ከድሮ እውነት አለመሞቱን ሊያጣሩ። ማይክ ተተከለ፣ አንድ ሱፍ የለበሰ እንግዳ ስለ ባህልና ስለ ልማት ተናገረ፣ ዱባለም ተነስቶ ጥቂት አለ። በሃምሳ ዓመት ስራዬ የዚህችን ሴት ያህል ያማረ ፎቶ አላነሳሁም፣ ስሟን ሳልጠይቃት ሄደች፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል አለ። ሰው አጨበጨበ። እንግዳው አቡጀዲውን ሳበው።

ዘርፈሽዋል ቀና ብላ አየች። ወጣት ሴት ናት። አላወቀቻትም።

ለካ በልቧ ስትጠብቅ የኖረችው አሮጊት ነበር፣ የመጨረሻዋን ተናኘወርቅን። ይህቺ ከሷ ከዘርፈሽዋል ታንሳለች። ጉንጯ ሙሉ ነው፣ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። አስራ ስድስት ዓመት ሰውየውን በከንቱ ጠርጥሬው ይሆን አለች። እንዲህ እያለች ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። ሁለት እጅ፣ ጥብቅ ብሎ የያዘ። የእንሰት ቅጠል። ከዚያ ወደ ላይ ተመለሰ፤ ሴትዮዋ ወደ ካሜራው አታይም። ወደ ጎን ነው የምታየው፣ ወደ በሩ።

ከኋላዋ ወልደአማኑኤል ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ "ተናኜ" አሉ። "ይቺ የኛ ተናኘወርቅ አይደለችም?"

ዘርፈሽዋል ወደ ዱባለ ሄደች። እጁን ለሚጨብጠው ሰው ሁሉ ፈገግ ሲል ደረሰችበት።

"ተቃጥሏል ብለውኝ ነበር።"

ፈገግታው ቀረ። ክንዷን ይዞ ወደ ድንኳኑ ጥግ ወሰዳትና በሹክሹክታ ይነግራት ጀመር። ያኔ ገና ከዘረፋው መነሳቴ ነበር አላት፤ ካሜራና መጋረጃ ተበድሬ ነው የከፈትኩት።

"የኔን ፎቶ ቤት ሰው የሚያውቃት በሷ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ሞታለች፣ ያው ፎቶ ለቅሶ ላይ ወጥቷል ከተባለ ማን ሙሽራ ይገባልኛል? የሟች ቤት ይሉኝ ነበር። ስለዚህ መሞቷን ገበያ ላይ እንደሰማሁ አወረድኳት። ለአንቺም ብሰጥሽ ያው ነው፣ አገር ያያታል። ደበቅኳት። ኋላ ደግሞ ረሳኋት።"

"ረሷት።"

"ረሳኋት፣ እውነቴን ነው።"

"ስሟንም?"

ዱባለ ባርኔጣውን ነካ ነካ አደረገ። ይሄን ያህል ዘመን ነገር ይዘሽ መኖርሽ አንቺ ክፉ ነሽ አላት። ደግሞስ ምን ጎደለብሽ፣ ይኸው አምራ ተሰቅላለች፣ ያያት ሁሉ አደነቃት። ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ፎቶው የኔ ነው።

"ፎቶው ያንተ ነው" አለችው ዘርፈሽዋል። አንቱታውን እዚያው ጥግ ላይ ጣለችው። "ለቅሶው ግን የኔ ነው።"

ወደ መግቢያው ሄዳ የሃኒን ካርቶን ገነጠለችው። ሁለት ቦታ አጥፋ ከበርጩማዋ ስር አስገባችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች። ከዚያ ከእናቷ ፎቶ ፊት ቆማ ለቅሶውን ጀመረች፣ በአገሯ ቋንቋ፣ ከስሟ ተነስታ፤ የአባቷን ስም፣ የቀዬዋን ስም፣ የጠነሰሰችውን፣ የጋገረችውን፣ የቀበረቻቸውን ልጆች።

ሃኒ እየሮጠች መጣች። ምን ሆኑ እትዬ ብላ ልትይዛት ስትል ወልደአማኑኤል በከዘራቸው አገዷት። ከዚያ ራሳቸው ገቡበት። የሽማግሌው ድምፅ ሲሰማ በመንገዱ የሚያልፈው ገበያተኛ ዘወር አለ። ድንኳኑ አለ። የእድር ወንበር አለ። ፎቶ ወጥቷል፣ ልጅ ታለቅሳለች። የጎደለ ነገር የለም። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ውጭ እያስቀመጡ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ፤ የሚያውቋትም የማያውቋትም። ተናኘወርቅን ያስታወሱ ደግሞ አልጠፉም፤ አንዲት ባልቴት፣ ቅቤዋ ውሃ የሌለው ብላ ስትጠራት ሕዝቡ አነባ። ሱፍ የለበሰው እንግዳ መሄጃ ሲያጣ ወንበር ስቦ አንገቱን ደፋ። የእድሩ ዳኛ እንኳ ማን ነው ሳይነገረን የሞተው እያሉ እየተቆጡ መጥተው፣ ፎቶውን ሲያዩ ተቀመጡ።

ዘርፈሽዋል ፎቶውን ከተሰቀለበት አወረደችው። ከባድ ነው። ይዛው በሰው መሀል ሄደችና ዱባለ ፊት ቆመች።

"ያዝ" አለችው።

"እኔ ምንሽ ነኝ?"

"ከኔ ይልቅ የኖረችው አንተ ጋ ነው። ያዝ።"

ሰው ሁሉ ያየዋል። በዚያ አገር የሟች ፎቶ ያዝ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው የለም፤ እምቢ ካለም ነገ የሱን ፎቶ የሚይዝለት አይገኝም። ዱባለ ከዘራውን አጠገቡ ላለው ሰው አቀበለ። ባርኔጣውን አወለቀ። ፎቶውን ተቀብሎ ደረቱ ላይ አደረገ።

"ከፍ አድርገው" አሉት ወልደአማኑኤል። "ወደ ኋላ ያሉት አላዩም።"

ከፍ አደረገው። በለቀስተኛው መሀል ዞረ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እስከ መግቢያው ድረስ ወጥቶ ተመለሰ። በሄደበት ሁሉ ሰው ፊቷን እያየ ያለቅሳል። ሲደክመው ዝቅ ያደርጋል፣ ወልደአማኑኤል ከፍ ይሉታል። ዘርፈሽዋል ከኋላው ከኋላው እየሄደች አለቀሰች። ሊያመልጥ ይችላል ብላ ከእጁ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

ሲያበቃ፣ ሰዉ እግዜር ያጥናሽ እያለ ወጥቶ ሲያልቅ፣ ሃኒ መጣች። እሷም አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። በዓሉ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል አለች፣ ፎቶው እስከዚያ እዚሁ ቢቆይ፤ የእናትዎን ስም በትልቁ ጽፌ ከስሩ አደርገዋለሁ።

"ለቅሶ ሲያበቃ ፎቶው ወደ ቤቱ ይገባል" አለች ዘርፈሽዋል፣ በብርድ ልብሱ እየጠቀለለችው። "የከድሮን ተይው፣ እሱ አልሞተም። በዓሉ ሲያበቃ የኔን ሁሉ እኔው መጥቼ አወርደዋለሁ።"

ሃኒን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት። ልጅቷ ወደ ዱባለ ሄደች፣ ጥቂት ተነጋገሩ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነጌቲቭ ይዛ ተመለሰች። ዘርፈሽዋል አላመነችም። ወደ ውጭ ወጥታ ወደ ፀሐይ ያዘችው። ነጠላው ጥቁር፣ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ፣ ሴትዮዋ ወደ በሩ ታያለች። ዘርፈሽዋል ነጌቲቩን ጡቷ ስር ወሽቃ ተራመደች።

መናኸሪያ ስትደርስ የአዲስ አበባው መኪና ሊሞላ ነው። ረዳቱ የተጠቀለለውን አይቶ፣ እናት፣ እሱ ጣራ ላይ ይጫን፣ መንገድ ይዘጋል አላት። አልሰጠችውም። አይሰበርም፣ እኔ አስረዋለሁ ቢላት አልሰማችውም። ገባች፣ ተቀመጠች፣ ታፋዋ ላይ አደረገችው፣ በሁለት እጇ ያዘችውና ወደ በሩ ማየት ጀመረች።